በዛፍ ስም የተጻፉ ሰዎች

ይድረስ መልስ ለማይጽፍልኝ ባለቤቴ፤

ደብዳቤ በጤና ጥያቄ ይከፈታል ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬ፣ ላንተ ልጽፍ ስቀመጥ አከፋፈቱ ጠፋኝ። ስለ ጤናህ አልጠይቅህም። የኔን ልንገርህ። አለሁ። ባለፈው ዓመት ወድቄ ዳሌዬ ከተሰበረ ወዲህ በምርኩዝ ነው የምሄደው። ከአልጋዬ እስከ ደጃፍ ሃያ ስድስት እርምጃ ነው፤ ከደጃፍ እስከ ብርቱካኑ ሠላሳ አንድ። ከዚያ ወዲያ መሬት የለኝም።

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሁለተኛ ሙት ዓመትህን አላወጣሁልህም። ቀኑን ረስቼ አይደለም፤ አጥሩን ማለፍ ስለማልችል ነው። መቃብርህ ላይ ሣሩ ምን ያህል እንደ ረዘመ አላውቅም። የቀበርንህ ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ይታያል፤ ጣሪያው ብቻ። በየማለዳው ወደዚያ ዞሬ እቆማለሁ፣ ከዚያ እገባለሁ። ያችን ያህል ነው የደረስኩልህ።

አንድ ነገር ቀድሜ ልናዘዝልህ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የሰው ስም አታገኝም። ሰዎቹን ሁሉ አንተ እንደምታደርገው በዛፍ እጠራቸዋለሁ። ሳቅህ ይታየኛል። ዕድሜ ልኬን የተጣላሁህበትን ነገር ዛሬ እኔው አደረግሁት። እንዴት እዚህ እንደ ደረስኩ ነው የምጽፍልህ፤ ታገሠኝ፣ በሥርዓቱ ነው የምነግርህ።

ጦርነቱ ክረምቱ መሀል ላይ ከሰሜን ወርዶ ደረሰብን። ወልድያ ተያዘች ተባለ፤ ብዙም ሳይቆይ መርሳ ታጣቂ በታጣቂ ሆነች። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ባንኩ ተዘጋ፣ ወፍጮው ቆመ። ከሲሪንቃ ወዲያ ያለው መንገድ ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም። መሸሽ የቻለ ሸሸ። እኔን በቃሬዛ እንውሰድዎት ያሉ ነበሩ፤ እንቢ አልኩ። አራት ጎረምሳ እኔን ተሸክሞ በጥይት ሲመታ ማየት አልፈልግም ነበር። ጨው ካለቀ ሁለተኛ ወራችን ነው። ብርቱካንህ ዘንድሮ እንደ ጉድ አፈራ። የሚጭነው መኪና ስለሌለ ከተማው ሁሉ የበሰበሰ ብርቱካን ይሸታል። እኔ ጠዋትም ማታም ብርቱካን እበላለሁ፤ አፌ ቆስሏል። አንዳንዴ ከወልድያ በኩል ከባድ መሣሪያ ይሰማል፤ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ከመሣሪያው ይልቅ ዝምታው ነው የሚያፍነኝ። ማን እያሸነፈ እንደ ሆነ፣ ከዚህ ግቢ ውጭ ዓለም መኖሩን ራሱ የሚነግረኝ የለም።

ቁም ነገር የምታደርግልኝ ጎረቤታችን ናት። አንተ ለእሷ ዛፍ አልሰጠሃትም ነበርና እኔ ሰጠኋት፤ ባለ ሎሚዋ ብያታለሁ፣ በአጥራችን ላይ ስለምትዘነበልብን ሎሚ። የመጀመሪያ ስያሜዬ ናት። ሁሉም ሲሸሽ ላሟ ልትወልድ ስለ ነበር አልሄደችም። «ሰው ይሸሻል እትዬ፤ ያረገዘች ላም በየት ትሸሻለች?» አለችኝ። ባሏ ነጋዴ ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ ሐራ እንደ ሄደ እዚያው ቀረ። ሁለት ሴት ልጆቿን ግን ወደ ተራራው ሰደደቻቸው። የደብዳቤዬ ነገር ሁሉ በእነዚህ ሁለት ልጆች ላይ ነው የሚዞረው።

በዛፍ መጥራት የጀመርከው ከባለ ቁርቁራው ነው። ያኔ ገና ዩኒቨርሲቲ ታስተምር ነበር፤ የሰውን ባህል የሚያጠና ሰው፣ አንገትህ ላይ ካሜራ፣ ኪስህ ውስጥ የታተመ መጠይቅ። አብሬህ ነበርኩ። ቁርቁራ ዛፍ ጥላ ውስጥ ተቀምጠን፣ የትኛው ተራራ ሥር እንደ ሆነ አልጽፍም፣ «ስምዎን ማን ልበል?» አልከው። ሰውየው መጠይቁን ተቀብሎ ገልበጥ አድርጎ አየና መለሰልህ። «ስሜን ተወው ወንድሜ። ስማችን ተጽፎ በጎ ነገር መጥቶልን አያውቅም፤ ወይ ለግብር ነው፣ ወይ ለዘመቻ ነው፣ ወይ ለሰፈራ ነው። ከዚህ ቁርቁራ ሥር ከተቀመጠ ሰው ጋር አወራሁ ብለህ ጻፍ።» አንተም እሺ አልከው። እኔ ግን ስም የሌለው ምስክር ምስክር አይደለም እያልኩ እስከ መርሳ ድረስ ነዘነዝኩህ።

ከዚያ ወዲህ ደብተርህ ጫካ ሆነ። ባለ ዋንዛዋ፣ ባለ ሾላው፣ ባለ ወይራው፣ ባለ እንኮይዋ። ዛፉ ተቆርጦበት በጉቶ የሚጠራ ሰው እንኳ ነበረህ።

ዩኒቨርሲቲውን ስትለቅ ምክንያቱን የነገርከው ለኔ ብቻ ነው። ስለ እነሱ የጻፍኩትን አንዳቸውም አላነበቡትም አልከኝ። የጥናት ወረቀቱን ትተህ ለራሳቸው ለሰዎቹ የሚነበብ መጽሐፍ ልትጽፍ ወደ መርሳ ተመለስን። የወረዳችን የሀብሩ ሰው ዘመኑን በምን እንደሚያስታውስ ነበር የምትጽፈው። የትኛው ምንጭ በየትኛው ድርቅ እንደ ነጠፈ፤ የትኛዋ ወፍ ስትጮህ ዝናቡ ስንት ቀን እንደሚቀረው፤ በክፉ ዘመን ሰውና ከብት በየትኛው ዋሻ እንደ ተደበቀ። ዋሻዎቹን ከሁሉ አብልጠህ ትወድ ነበር። ተራራው ራሱ ያስታውሳል ትል ነበር። እኔ ደግሞ ተራራ አያስታውስም፣ ሰው ነው የሚያስታውሰው፣ ያውም ከጻፈ ብቻ፣ እልህ ነበር። ቀዩን እስክሪብቶ ይዤ ከኋላህ እቀመጣለሁ፤ ቀኑን ጻፍ፣ ስሙን ጻፍ፣ ስንት ሰዓት ያስኬዳል፣ በስተቀኝ ነው በስተግራ? አንተ ትስቃለህ።

እንዴት እንደ ተማርኩ ታውቃለህ። ወልድያ ልጅ ሳለሁ ዳዊትን በቃሌ የወጣሁት በአባቴ ፊት ቆሜ ነው። አንድ ቃል ከዘለልኩ ከመጀመሪያው እጀምር ነበር። ትምህርት ቤት ስገባ ደግሞ ፊደሏ ከመስመር የወጣባትን ልጅ አምስት ጣቷን አሰብስባ በማስመሪያ ጠርዝ የምትመታ አስተማሪ ገጠመችኝ። እንዲህ ያደገ ሰው ጉቶን ስም ብሎ አይቀበልም።

አንተ ስትሞት ከሐዘኔ መውጫ ያደረግሁት ያንኑ ነው። ያኔ ዳሌዬ ደህና ነበር። ደብተሮችህን በቦርሳ ይዤ ግራና ወደምትባለው ገበያ ወጣሁ፣ ሐራ ወረድኩ፣ በየመንደሩ ዞርኩ። በየዛፉ ያስቀመጥካቸውን አርባ ሦስት ሰዎች አንድ በአንድ አጣራሁ። ስማቸውን ከነአባታቸው፣ መንደራቸውን፣ የነገሩህ ዋሻ ከመንገዱ ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ፣ ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ ውሃው የት እንደ ሆነ፤ ሁሉንም በሰባት ንጹሕ ደብተር ገለበጥኩት። ካርታም ሣልኩበት። በማስመሪያ። ደብተሮቹን በቡኒ ወረቀት ለብጄ ካንተ ደብተሮች አጠገብ ደረደርኳቸው፤ ኮራሁባቸውም።

የማልኮራበትን ልጨምር። ስሜን አልሰጥም ያሉኝ ነበሩ። ባለ ቁርቁራው አርጅቶ ዓይኑ ደክሞ፣ «እሱ እሺ ብሎኝ ነበር እኮ» አለኝ። እኔ ግን ጓሮ ዞሬ ስሙን ከሚስቱ ወሰድኩ። እሷ የባለቤቴን ውለታ የምመልስ መስሏት በደስታ ነገረችኝ።

ከተማው ሊያዝ ሲል የገጠሩ ሰው ልጆቹንና ከብቱን እየነዳ ወደ ተራራው ወጣ። ማንም አልመከረውም፤ አባቶቹ ያደረጉትን አደረገ። የባለ ሎሚዋን ልጆች ይዞ የወጣው ባለ ቁርቁራው ነው፤ ዘመዷ ነው። ያ ሁሉ ሰው በደጄ ሲያልፍ ብርቱካኑ ሥር ተቀምጬ አየሁ። ይህን ያህል የተማርኩ ሴት፣ ወዴት እንደሚሄዱ በመደርደሪያዬ ላይ ከነመንገዱ ተጽፎ መቀመጡ ትዝ አላለኝም። መደርደሪያ የማየው በሌላ ዓይን ነበራ። የተጻፈ ነገር ሰው ይጎዳል ብሎ ያስተማረኝ አልነበረም።

ትዝ ያለኝ ሊፈትሹ የመጡ ዕለት ነው። አምስት ሆነው ገቡ። ስልክ፣ ሬዲዮ፣ የወታደር ፎቶግራፍ ይፈልጋሉ። አንደኛው ፍራሼን እየገለበጠ፣ «የዚህን አገር ወጣት መሬት ዋጠችው እንዴ?» አለ። አለቃቸው መነጽር ያደረገ፣ ሠላሳ ያልሞላው ልጅ ነበር። ለእሱ ዛፍ አልሰጠሁትም፤ መነጽራሙ እለዋለሁ። መደርደሪያው ፊት ቆመ።

«እማማ፣ ይህ ሁሉ ደብተር ምንድን ነው?»

«የባለቤቴ ነው። ሞቷል።»

«ስለ ምን ይጽፍ ነበር?»

«ስለ ዛፍ።»

አንዱን ያንተን ደብተር አውጥቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፤ «ባለ ዋንዛዋ እንዳለችው፣ ያ ዓመት ንቡ ዋሻውን ለቆ የወጣበት ነው።» ሌሎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ደብተሩን በጥንቃቄ መልሶ አስቀመጠና፣ «እኔም ከዚህ በፊት ማንበብ እወድ ነበር። ነገ ከሰዓት በኋላ መጥቼ ተረጋግቼ አያቸዋለሁ፤ ይፈቅዱልኛል?» አለኝ። ከስድብ ይልቅ ያ «ይፈቅዱልኛል» አስፈራኝ። እጁ ያረፈበት ያንተ ደብተር ነበር። ከእሱ አንድ ጣት ያህል ወዲያ ቡኒዎቹ ሰባቱ ቆመዋል።

በማግስቱ ማለዳ ባለ ሎሚዋ የማሽላ ንፍሮ ልንቀቅል ድስት ይዛ መጣች። ወፍጮ ስለሌለ የምንበላው ያንን ነው። ቁጭ በይ አልኳትና ነገርኳት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የከበደኝ ንግግር የለም።

«ልጆቼን ጻፏቸው እትዬ?»

«ልጆችሽን አልጻፍኳቸውም። ያሉበትን ነው የጻፍኩት።»

«ከነመንገዱ?»

«ከነመንገዱ።»

ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ፣ «ወላሂ እትዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ቢሳሳቱ ምን ነበረበት!» አለች። ሳቅ ይሁን ልቅሶ እኔም አላወቅሁት፤ እሷም ያወቀችው አልመሰለኝም።

እንቅበረው አለች። አይሆንም አልኳት፤ እህል የቀበረው ሰው ሁሉ አዲስ የተቆፈረ አፈር በዱላ እየተወጋ አይደል የተወሰደበት? ጉድጓድ ውስጥ እንጣለው አለች፤ ውሃ የምንቀዳበት እሱው ነው። ማቃጠል ብቻ ቀረ። ሰባት ደብተር ባንዴ ቢነድ ጭሱ ይጠራቸዋል፤ ስለዚህ ምጣዱ ቤት ገብተን ከድስቱ ሥር ቅጠል በቅጠል ልንማግደው ተስማማን። መጀመሪያ ካርታዎቹን ሰጠኋት። በማስመሪያ የተሠመረው መስመር ሲጠቁር አየሁት፤ ቀጥ እንዳለ ነው የጠቆረው።

ስሞቹ ላይ ስደርስ እጄ አልፈታ አለ። ዋሻው ተራራው ላይ አለ፤ ምንጩም አለ። እነዚህ ሰዎች ግን ለመጽሐፍህ የሰጡትን ቃል ማን እንደ ሰጠው ከኔ ወረቀት በቀር የሚያውቅ የለም። አንዳንዶቹ ሞተዋል። አባቴ ፊት የቆምኩበት ዘመን ትዝ አለኝ። ቅጠሉን ሦስት ጊዜ አነባለሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ከዘለልኩ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፤ ሳልዘል ስወጣው ቅጠሉን ለእሳቱ እሰጣለሁ። መነጽሬን የት እንዳስቀመጥኩ የማላስታውስ አሮጊት አርባ ሦስት ስም ከነአባት፣ ከነዛፋቸው ልይዝ ተነሣሁ።

ባለ ሎሚዋ እሳቱን እየቆሰቆሰች፣ «ወረቀት ነበልባል እንጂ ፍም የለውም እትዬ፤ በዚህ ማሽላ አይበስልም» ትለኛለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ቶሎ ይበሉ፤ ፀሐይዋ እኮ እየሄደች ነው» ትለኛለች። አንዴ ቀና ስል ከንፈሯ ከኔ ጋር ይንቀሳቀሳል። «እኔም ልጅ ሆኜ ቁርአን ስቀራ እንዲህ ነበር የምንይዘው» አለችኝ። ሁለታችንም እዚያ ድስት ፊት እንደ ሁለት ተማሪ ተወዛወዝን።

ቀትር ካለፈ በኋላ ጨረስን። ንፍሮው በብርቱካን ጭራሮ ታግዞ በሰለ፤ ድስቱን ወደ ቤት አስገባችልኝ። አመዱን ከእበት ጋር ለወሰችው። ሁሉን ነገር አስተካከልን ብዬ ገና አረፍ ስል ነው መነጽራሙ በሩን ያንኳኳው። አዎ፣ አንኳኳ።

ብቻውን ነበር። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ደብተሮችህን እያገላበጠ ረጅም ጊዜ አነበበ። ከዚያ ቀና አለ።

«ባለ ቁርቁራው ማነው እማማ?»

«ቁርቁራ ዛፍ ነው ልጄ። እሾህ አለው፤ ፍሬው ይበላል።»

«ሰው መስሎኝ ነበር።»

«ባለቤቴ ከዛፍ ጋር ሲያወራ ነው የኖረው።»

«ጤነኛ ነበር?»

«እኔም ጠይቄው አውቃለሁ» አልኩት።

ፈገግ አለ። ሊወጣ ተነሥቶ ግን ጣቱን መደርደሪያው ላይ አኖረ። አቧራው መሀል ንጹሕ ቦታ ነበር፤ ሰባት ደብተር የቆመበት ልክ፣ ጠርዙ እንደ ተሠመረ። ያንን አላሰብኩትም። አየህ፣ በየቀኑ የምወለውለው ሰው ነበርኩ፤ ዳሌዬ ከተሰበረ ወዲህ ነው አቧራ የገባው። «እዚህ የነበሩትስ?» አለኝ።

«ንፍሮ ቀቀልኩባቸው።»

«ደብተር?»

«ወፍጮ የለ፣ እንጨት የለ። ምን ላድርግ?»

ወደ ድስቱ አየ፣ ወደኔ አየ። አንድ ጭብጥ ንፍሮ ዘግኖ ቆሞ በላ። ጨው የለውም ብሎ እንኳ አላማረረም። ገብቶት ይሁን ሳይገባው እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለት ያንተን ደብተሮች በብብቱ ይዞ፣ አራት ብርቱካን ቀጥፎ ወጣ። ደብተሮቹን ልከለክለው አልቻልኩም፤ ይቅር በለኝ። ግን ልብ በል። ይዟቸው ሄደና ምን ሆነ? ምንም። ዋንዛ፣ ሾላ፣ ወይራ። ያን ያህል ዘመን እንደ ስንፍና የቆጠርኩብህ ነገር ተራራውን እንደ በር ዘጋው። እኔ ሰባት ደብተር አቃጥዬ ያገኘሁትን ትምህርት አንተ ለአንድ ሽማግሌ በሰጠኸው እሺታ አስቀድመህ ይዘኸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቀኑን በጆሮዬ ነው የምቆጥረው። አንድ ሰው ወደ ተራራው ሲወጣ በታየ ቁጥር፣ ተኩስ ከዚያ በኩል በመጣ ቁጥር፣ ሳላቃጥለው የዘለልኩት ቅጠል ይኖር ይሆን እያልኩ ወለሉን፣ የአልጋውን ሥር፣ የድስቱን ቂጥ ሳይቀር አየሁ። ባለ ሎሚዋ ከአጥሩ ወዲያ ላሟን ስታልብ ታዜማለች፤ ስታቆም ልቤ ይቆማል። ክፉ ወሬ የደረሳት ይመስለኛል። አንድ ወር ገደማ እንዲህ ከረምን። እሷ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም፤ ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት መጣችና የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ውስጡ ደረቅ ያለ፣ ቡናማ የቁርቁራ ፍሬ፤ ሁለት እፍኝ ይሆናል። ማን አመጣው አላልኳትም፤ እሷም አልነገረችኝም። «ቅመሱ እትዬ» ብቻ አለች። «አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም፣ ሁሉም ለቅመው በልተዋል።» ሁሉም የሚለውን ሁለት ጊዜ ነው ያለችው። አንዱን አፌ ውስጥ አስገብቼ ፍሬውን እስኪሟሟ ያዝኩት። ጥርሴ አያኝክም፤ ዓይኔ ግን ያንን ዛፍ፣ ያንን መጠይቅ፣ አንገትህ ላይ ያንጠለጠልከውን ካሜራ አየ።

ያን ዕለት ነው የመጨረሻ ደብተርህን የከፈትኩት። አልጋ ላይ ሆነህ የጻፍከውን፣ እጅህ የሚንቀጠቀጥበትን፤ ከአንተ በኋላ ላየው አቅም አጥቼ ሳልገለብጠው የቀረውን። ሦስት ገጽ ብቻ ነው የተጻፈበት። ሦስተኛው ገጽ ላይ «ኮሽም» ይላል።

«ኮሽም። በየቀኑ የማልፋት አጥር። ጥላ የላትምና ሥሯ ማንም አይቀመጥም፤ እሾኋም ይወጋል። ግቢውን የጠበቀችው ግን እሷ ናት። አርባ ዓመት አብሬያት ኖሬ አንድም ቀን ደብተር ይዤ ፊቷ አልተቀመጥኩም። ሳልሄድ የምጠይቃት፤» ትልና ከሥሩ ዘጠኝ ጥያቄ ታወርዳለህ። ዘጠኙም የጥያቄ ምልክት አላቸው፤ መስመራቸውም ቀጥ ያለ ነው። እንኳን አንተ፣ እኔም በደህና እጄ እንደዚያ አላሰምርም።

አንድ ቀን የተናገርኩህን ሰምተኸኝ ኖሯል። የሀብሩን ሰው ሁሉ ስትጠይቅ ትውላለህ፣ እኔን ግን ቀዩ እስክሪብቶ የት አለ ከማለት ሌላ ጠይቀኸኝ አታውቅም ብዬህ ነበር። ጥያቄዎቹን ጽፈህ ሳትጠይቀኝ ሞትክ። እኔም ደብተሩን ሳልከፍት ሁለት ዓመት ተቀመጥኩ። ሁለታችንም ነን የዘገየነው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዚያው ደብተር ባዶ ገጾች ላይ ነው። ቀን ከባለ ሎሚዋ ላም ግርግም ሥር ይቀመጣል፤ ጥጃዋ ተወልዳለች፣ ማንንም አታስጠጋም።

ስሞቹን በየማለዳው እወጣቸዋለሁ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያንህ ጣሪያ ዞሬ ስቆም። አርባ ሁለቱን ያለ እንከን እወጣለሁ። ባለ እንኮይዋ ላይ ስደርስ ግን ባዶ ነው። የአባቷን ስም አገኘዋለሁ፤ የእሷን የለም። ባለ ሎሚዋም አልያዘችውም። ለኔ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አንተ ታውቃለህ። መጀመሪያ አለቀስኩ። አሁን ሌላ አሳብ አለኝ። መንገዱ ሲከፈት፣ ዕድሜ ከሰጠኝ፣ በቃሬዛም ቢሆን እሷ ዘንድ እወጣለሁ። እንኮዩ ሥር እቀመጥና እጠይቃታለሁ። ልትነግረኝ ካልፈለገች ከጎረቤቷ አልጠይቅም። ባለ ቁርቁራውንም እግረ መንገዴን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ስሙን የወሰድኩት ከሚስቱ መሆኑን ነግሬው።

ቃል የምገባልህ ይህን ነው። ስሞቹን እስከ ዕለተ ሞቴ በአፌ እይዛለሁ፤ በወረቀት አይደለም። ጥያቄዎችህን ደግሞ በየቀኑ አንድ አንድ እመልሳለሁ። ከዚህ ግቢ የምወጣበት ሌላ በር የለኝም።

አንደኛው ጥያቄህ፤ «ፊደል ሳትቆጥሪ በፊት ምን ታውቂ ነበር?»

ብዙ አውቅ ነበር። ወልድያ ከቤታችን ጎን የኮሽም አጥር ነበረን፤ አንተ ይህን አታውቅም፣ አልነገርኩህም። ሳይበስል ለቅሜ በልቼ ጥርሴ ሲጠርስ እናቴ ትስቅብኝ ነበር። ገበያ ስትሄድ ደጃፍ ላይ ትታኝ ትሄዳለች። የአጥሩ ጥላ እየተሳበ እየተሳበ መጥቶ የደጃፉን ድንጋይ ሲነካ ልትመለስ መሆኗን አውቃለሁ፤ ተነሥቼ እቆማለሁ፣ ትመጣለች። አንድም ቀን አልተሳሳተም። ሰዓት ማንበብ ከተማርኩ በኋላ ጥላ አይቼ አላውቅም። የግድግዳው ሰዓት ባትሪው ካለቀ ሦስት ሳምንት ሆነው። ትናንት ብርቱካኑ ሥር ተቀምጬ የግንዱን ጥላ አየሁት፤ ወደ ደጃፋችን ድንጋይ እየተሳበ ይመጣ ነበር። ሲነካው ሳላስበው ምርኩዜን ይዤ ተነሣሁ።

የሚመጣ የለም። ግን ቆምኩ።

ሁለተኛውን ነገ እመልስልሃለሁ። ቀን አልጻፍኩበትም።

ያንተው
ኮሽም